ጸጉሬን የሰው ዓይን በላው ወይ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ወይ ስለ መልክ ናቸው ወይ ስለ ገድ። ለያይቼ ልመልስ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። አንዷ ስለ ጸጉሯ ጽፋ መጨረሻው ቡዳ ይሆናል፣ አንዱ ስለ ጃኬት ጀምሮ ጸበል ውስጥ ይገባል። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ረዘም አድርጋ ጽፋለች፣ መልሱም እንደዚያው ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አንቺ ስላልኩሽ ይቅርታ፤ ዓምድሽን ሳነብ ቤተሰብ ሆነሽብኝ ነው። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ በጥቅምት ገላን ጉራ ገባን። ሥራዬ ግን እዚያው መሐል ከተማ ስለሆነ በየቀኑ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ነው የምመጣው። ጉዳዬ የጸጉሬ ነገር ነው። ጸጉር አለኝ፤ ማለቴ ነበረኝ። ለገና ዋዜማ መሥሪያ ቤት ዝግጅት ነበርና ተተኩሼ፣ ለቅቄው ሄድኩ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ፣ ያኔ ጓደኛዬ ነበረች፣ እጇን ጸጉሬ ውስጥ ከታ «ውይ ሲያምር! ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?» አለች። ማርያም ትጠብቅሽ አላለች፣ ትፍ ትፍ አላለች። በሦስተኛው ሳምንት ጸጉሬ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ይወጣ ጀመር። ማበጠሪያው ላይ፣ ትራሴ ላይ፣ መታጠቢያው ቀዳዳ ላይ። እናቴ አይታ «ይሄማ ዓይን ነው» አለችና አዲሱ ሰፈር ያወቀቻት አንዲት ጎረቤት ጋ ወሰደችኝ፤ ስኒ ታነባለች። «ቅርብሽ ያለች፣ ቀላ ያለች፣ ቀንታብሻለች» አለችኝ። ጓደኛዬ ቀይ ናት። ከዚያ ወዲህ አላናግራትም፤ ምሳ የምበላው ለብቻዬ ነው። ይባስ ብሎ የግራ ዓይኔ ቆብ መርገብገብ ጀመረ፤ ሁለት ሳምንት ሆነው። ከግንባሬ ዳርና ዳር ደግሞ ጸጉሬ ሳስቷል። ሰላም አጥቻለሁ። እውነት ዓይን አለ?

*የካዛንቺሷ*

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው እስክሪብቶ ይዤ ወራቱን ቆጠርኩ።

ጸጉር ወሬ የሚያደርሰው ዘግይቶ ነው። እያንዳንዷ ጸጉር ለዓመታት ታድጋለች፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ታርፋለች፣ ከዚያ ትረግፋለች፤ በሥሯ ሌላ ይበቅላል። ሰውነት ድንገተኛ ነገር ሲገጥመው፣ ከባድ ትኩሳት በይው፣ ወሊድ፣ ኦፕራሲዮን፣ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብዙዎቹ ጸጉሮች በአንዴ ወደ ዕረፍት ይገባሉ። የሚረግፉት ያኔ አይደለም፤ ሁለት ሦስት ወር ቆይተው ነው፤ አንድ ላይ። ያንቺ የረገፈው ጥር አጋማሽ ገደማ ላይ ነው። ከጥር ሦስት ወር ወደ ኋላ ቁጠሪ። ጥቅምት ላይ ምን ነበር? አንቺው ጽፈሽዋል፣ በአንድ መስመር አልፈሽው።

ጓደኛሽ እጇን ጸጉርሽ ውስጥ ስትከት ነገሩ ካለቀ ሁለት ወር አልፎታል።

ሰው ቤት ለቀቀ ሲባል ዕቃ ጭኖ ሄደ ብቻ ይመስለናል። አዲሱ ቤት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሽንት ቤቱ የግል ነው፣ በሩ ይቆለፋል። ግን ሠላሳ ዓመት ስሟን እየጠራሽ ጨው የተበደርሻት ሴት የት እንደገባች አታውቂም፣ ዕድሩ ተበትኗል፣ ዳቦ ከየት እንደሚገዛ እንደ እንግዳ ትጠይቂያለሽ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተሽ ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ። ይሄን ሁሉ «በጥቅምት ገባን» ብለሽ ዘለልሽው። ጸጉርሽ አልዘለለውም።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። የወጣውን ጸጉር መብራት ሥር ያዢና ጫፉን እዪ። በአንዱ ጫፍ ነጭ ጉብ ያለች ነገር ካለችበት ከነሥሩ የረገፈ ነው፤ ያልኩሽ ዓይነት። ጉብታ ከሌለው፣ አጭርና ቁርጥራጭ ከሆነ ግን የተሰበረ ነው፤ ያ የፒያስትራውና የኬሚካሉ ሥራ ነው። ጤነኛ ሰውም በቀን ከ50 እስከ 100 ይረግፍበታል። እኛ ሴቶች በዚህ የምንደናገጥበት ምክንያት አለ፦ ሹሩባ ተሠርተን ሁለት ሳምንት እንቆይና ስንፈታው የ14 ቀኑ በአንዴ ይወጣል። ከ700 በላይ ማለት ነው። እፍኝ ነው። ብዙ እናት «ዓይን ነው» ያለችው ይሄን እፍኝ አይታ ይመስለኛል።

የእንዲህ ያለው መርገፍ ብዙ ጊዜ በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ይቆማል። ጸጉር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ መስታወት ፊት ተቀምጠሽ አትጠብቂው። ከስድስት ወር ካለፈ፣ ወይም እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ከተመለጠ ሐኪም ይይሽ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም ይጠይቁሻል።

የግንባርሽ ዳርና ዳር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ዓይንም ቤት መልቀቅም አላመጣውም፤ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ነው ወይ ቅጥያ ነው። እኔ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ደረጃ ተወጥቶ የሚገባበት አንድ የጸጉር ቤት ነበረን፤ ቢጎዲን የለበሱ እትዬዎች ካስክ ሥር ተደርድረው ይጮሃሉ፣ ካስኩ ስለሚያጓራ ማንም ማንንም አይሰማም። ሠሪዋ ጉንጉኑን ስትጀምር ራስሽን በሁለት ጉልበቷ መሐል ታስገባና ትስባለች። ካለቀስሽ «ቻይው፣ ውበት ያማል» ትላለች። ቅንድባችን ወደ ላይ ተስቦ፣ ነገር ሰምቶ የተደነቀ ሰው መስለን ነበር የምንወጣው። እንደዚያ ለዓመታት ሲሳብ የጸጉሩ ሥር ጠባሳ ይሆንና አይመለስም። ስለዚህ ካመመሽ አስፈቺው። ሠሪዋ ብትቆጣም።

ዓይንሽ። እኛ ቤት የግራ ዓይን ሲርገበገብ ለቅሶ ነው ይባል ነበር። አንድ ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤት ቤት ደግሞ ለቅሶው የቀኝ ነበር፤ የግራው እንግዳ ነው። ሐኪሞች የሚሉት ድካም፣ የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀትና ቡና ነው። እስቲ ስንት ስኒ ነው የምትጠጪው? ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሳ ሰው እስከ ምሳ አራት አምስት አይጠጣም ብለሽ እንዳትዋሺኝ። ዓይንሽን የሚያርገበግበው ስኒው ውስጥ የነበረው ሆኖ ሳለ አንቺ ባዶውን ስኒ ገልብጠሽ ጠላት ትፈልጊበታለሽ! ቀንሺ፣ ተኚ። ሳምንታት አልፈው ካልተወሽ፣ ወይ ዓይንሽ ሙሉ በሙሉ እየተጨፈነ ካስቸገረሽ፣ ወይ ጉንጭሽም አብሮ ከተንቀጠቀጠ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ስኒ ማስነበብን በተመለከተ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንዴ «መንገድ ይታየኛል» ተብዬ ሦስት ወር ፓስፖርቴን በቦርሳዬ ይዤ ዞርኩ። በዚህ ከተማ መንገድ የማይታየው ማን አለ? ከቤትሽ በር ጀምሮ እየተቆፈረ ነው። «ቅርብሽ ያለች፣ ቀላ ያለች» ደግሞ የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የሌለችው?

ዓይን አለ ወይ ብለሽኛል። አልዋሽሽም፤ ቆንጆ ልጅ ሳይ እኔም ትፍ ትፍ እላለሁ፣ ማርያም ትጠብቅህ እላለሁ። ምርቃት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። «እሷ ናት» ወደሚለው ሲያልፍ ግን አልከተልሽም። ድሮም ቡዳ ይባሉ የነበሩት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ምጣዱንና ጀበናውን የምትሠራው። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው የሚሳደብ ይቀጣል ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። የሠሩትን እየተጠቀምን ነበር እነሱን የምንፈራው። ጓደኛሽስ ምን አደረገች? ጸጉርሽን ወደደች፣ ምርቃቱን ረሳች። እረሳለሁ እኔም፣ በተለይ ስቸኩል።

ነገ ምሳ ሰዓት ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ። የስኒውን ነገር አትንገሪያት፤ ያሳፍርሻል፣ እሷንም ያሳዝናታል። «ቤት ከለቀቅን ወዲህ ደክሞኝ ነበር» በያት። እውነት ነው። ከዚያ ሽሮ ለሁለት እዘዙ።

ስለ እናትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እሷም በጥቅምት ነው ቤቷን የለቀቀችው። ቡና ስታፈላ ጠርታ የምትሰበስባቸው ሴቶች ዛሬ ከተማው ዙሪያ ተበትነዋል። ያቺ ስኒ የምታነብ ጎረቤት አዲሱ ሰፈር ያገኘቻት ሰው ናት አልሽኝ። እናትሽ ያንቺን ዕጣ ይሆን የምትፈልገው ወይስ አብሯት በረካ ድረስ የሚቀመጥ ሰው? እሁድ ከድሮ ጎረቤቶቿ አንዷን ፈልገሽ አምጪላት። ስኒውን ግን ሳትገለብጡ እጠቡት።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ የምማር ወንድ ነኝ። ሰልባጅ ነፍሴ ነው። ቦንዳ ሊፈታ ነው ከተባለ ክፍልም ቀጥቼ እሄዳለሁ። ዘንድሮ አንድ የቆዳ ጃኬት አግኝቼ ማዘር «የሞተ ፈረንጅ ልብስ ነው፣ ገዱ ይተላለፋል» ብላ ጸበል ረጨችበት። ባለፈው አንድ ፈተና ወደቅኩና አሁን ጃኬቱ ነው ትላለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ ክፍል ቀጥቼ እሄዳለሁ ያልከውን አትንገራት በመጀመሪያ።

ጃኬቱ ፈተና አልወደቀም። የሞተ ሰው ልብስም እዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ የአባቱን ካፖርት፣ የአያቱን ጋቢ ያልለበሰ ማን አለ? እናትህን ግን ሙሉ በሙሉ አትሳቅባት። በልብስ የሚተላለፍ ነገር አለ፤ ገድ ሳይሆን ቅማልና እከክ ነው። ቅማል እንቁላሉን የሚደብቀው ስፌት ውስጥ ነው፤ ግርሻና ተስቦ የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። የጨርቁን ልብስ በፈላ ውሃ እጠብ፣ ፀሐይ ላይ አስጣ፣ ስፌት ስፌቱን በካውያ ተኩስ። ቆዳው በፈላ ውሃ አይታጠብም፤ በፌስታል አሽገህ ሁለት ሳምንት አስቀምጠውና ገበሩን ጠራርገህ ልበስ። ጸበሉንም ትርጭልህ፤ ምን ቸገረህ።

ጥያቄ፦ ጠይም ነኝ። ከሱቅ አንድ ክሬም ገዝቼ ስድስት ወር ተቀባሁ፤ ፊቴ ቀላ፣ ሰውም አደነቀኝ። አሁን ግን ፀሐይ ሲነካኝ ያቃጥለኛል፣ ጉንጬ ላይ ቀያይ ክር የመሰሉ ደም ሥሮች ይታያሉ። ላቆም ስል ያብጥና ይብስብኛል፣ ስለዚህ ተመልሼ እቀባለሁ። ቱቦው ላይ ምን እንዳለበት አልተጻፈም። ፊቴ ላይ ዓይን አረፈበት የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ዓይን አይደለም። ክሬሙ ነው፤ በዚህ ላይ ለስለስ ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም።

የነገርሽኝ ምልክት ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች ረጅም ጊዜ ሲቀቡ የሚመጣ ነው። ቆዳውን ያሳሳሉ፤ ደም ሥሩ የሚታይሽ ከላይ የነበረው ስለሳሳ ነው። ማቆም ያቃተሽም ለዚሁ ነው፤ ቆዳሽ ለምዶታል። የዚህ ዓይነት ማቅያ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ የሚጨመርባቸውም አሉ፤ እሱ ደግሞ ፊት ላይ አይቆምም፣ ኩላሊት ድረስ ይገባል። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ነገር ወጥ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ? ፊትሽ ላይ ግን ስድስት ወር።

ብቻሽን አታቁሚ። ቱቦውን በቦርሳሽ ያዢና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። ስትደርሺ አፍረሽ «አልተቀባሁም» እንዳትዪ፤ ሐኪሙ ፊትሽን አይቶ ያውቀዋል። እስከዚያ ከፀሐይ ሽሺ። አዲስ አበባ ብርድ ስለሆነች ፀሐይዋን እንንቃታለን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጥነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ ከቆላው ይልቅ ቆዳን ታቃጥላለች። ባርኔጣ፣ ጥላ፣ ነጠላ፣ ያገኘሽውን።

«ጠይም ዓሣ መሳይ» እየተባለ የተዘፈነበት አገር ላይ ጠይም ሆኖ መወለድን ማን እንደ ስሕተት እንዳስቆጠረብን አላውቅም። አደነቁኝ ያልሻቸው ሰዎች አሁን የት ናቸው?

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሴት ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ እኖራለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሌን አላወለቅኩም። ልጆቼ «እማዬ፣ በቃሽ» ይሉኛል። ችግሩ ላወልቅ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይሆናል። አንዴ ወስኜ በነጋታው ስኳር ያለበት ወንድሜ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ሌላ ጊዜ ነጭ ቀሚሴን ከሳጥን ባወጣሁበት ቀን የግድግዳው መስታወት ወድቆ ተሰበረ። ባለቤቴ አልፈቀደ ይሆን? ወይስ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው? ራሴን መስታወት ውስጥ ማየትም ትቻለሁ፤ ብቻ መስታወቱም የለም።

መልስ፦ እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማር። «ብቻ መስታወቱም የለም» ያሉት ላይ ስደርስ ሳልፈልግ ሳቅሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደዚያ የሚጽፍ ሰው ውስጡ ያለው ነገር አልሞተም።

ወንድምዎ ስኳር አለባቸው። ከል ለማውለቅ ባላሰቡበት ቀንስ ታመው አያውቁም? ያንን ቀን ማንም አይመዘግበውም። መስታወቱን ደግሞ ልጆችዎ ምስማሩን ይዩት፤ የድሮ ቤት ግድግዳ ጭቃው ሲለቅ ሥዕሉም መስታወቱም ይወርዳል። እኛ ቤት የአባቴ ፎቶ ሦስቴ ወድቋል፣ በሕይወት እያለ።

ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ፤ ሐዘን ልክ እንዲኖረው ነው። ንስሐ አባትዎን ይጠይቁ፤ ሦስት ዓመት ልበሺ የሚልዎት አይመስለኝም። ለሰው ወሬ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ቢያወልቁ «ቶሎ ረሳችው» ይላሉ፣ ባያወልቁ «አበዛችው» ይላሉ፤ ያው ሰዎች ናቸው ሁለቱንም የሚሉት።

የእናቴን ልንገርዎ። ለአባቴ ሙት ዓመት አክስቶቼ ነጭ ልብስ ይዘው መጡ። እናቴ እጇን አጣምራ ቁጭ አለች፤ አልለብስም አለች። ተቆጧት፣ ለመኗት፣ ሄዱ። ሁለት ወር ያህል ቆይታ አንድ ቀን ጠዋት ነጠላዋን አንስታ አየችውና «አቧራ ይዞታል» አለች። አጥባ አሰጣችው። ማታ ስታነሳው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለሐዘን ወደ አንገቷ አድርጋው የነበረውን ጥለት ወደ ታች መልሳ ለበሰችው። ከሥር ጥቁሩ ቀሚስ እንዳለ ነው። ማንም ምንም አላላትም፤ እኔም አየሁ፣ ዝም አልኩ። ቀሚሱ ከዚያ በኋላ በራሱ ጊዜ ወጣ፤ መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ግራጫ። ነጩን የለበሰችው ለጎረቤት ልጅ ሠርግ ነው። አባቴን ደግሞ እስክትሞት ድረስ ስሙን ሳትጠራ የዋለችበት ቀን የለም።

እርስዎም ሁሉን በአንድ ቀን አያውልቁ። በነጠላው ይጀምሩ። አዲስ ቢሆን ደስ ይላል፤ ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዘው በስድስት ኪሎ በኩል ሽቅብ ሽሮ ሜዳ ነው። ጥለቱ ቀጭን ይሁን፣ ቀለሙን ግን ልጆችዎ እንዲመርጡልዎ አይፍቀዱላቸው፤ ወርቃማ የሚያብለጨልጭ ነው የሚያመጡልዎ። ጨርቁን በጣትዎ ይዳስሱት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት፤ በእጅ የተሸመነው ወጥ አይደለም፣ እዚህም እዚያም ክሩ ወፈር ቀጠን ይላል። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛ በማክሰኞ ወይ በሐሙስ ይሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠሩልዎትን ዋጋ እንዳይከፍሉ። ሱቆቹ ውስጥ መስታወት አለ።